ኅዳር በመጣ ቁጥር

ኅዳር በመጣ ቁጥር፣ ወደቡ ጉም ሲለብስ፣
የሎብስተር ወጥመድ በየጀልባው ጫንቃ ተቆልሎ ሲደርስ፣
ኦርቫል ዚንክ ይመጣል፣ ደረጃውን ቆጥሮ፣
በብብቱ ይዞ የብስኩት ቆርቆሮ።

እኔ የጠበቃው ጸሐፊ ነኝ፤ ሃያ ሦስት ዓመት፣
በዚህች በኖቫ ስኮሺያ፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት።
የስንቱ ሰው «ስሞት» በጣቶቼ አለፈ፣
ስንቱ ተሰረዘ፣ ስንቱ ተጻፈ።

ቆርቆሮውን ከፍቶ «አንብቢልኝ» ይላል፤
መነጽር አጥቶ አይደለም፤ ሌላ ሰው ሲያነበው ይሻላል፤
በራስ ድምፅ የራስ ሞት ጆሮ ላይ ይከብዳል።

በሠላሳ ዓመቱ የጻፈው፣ የፊቱ፦
ጀልባዋ ለወንድሙ፣ ለቨርና ቤቱ።
ወንድሙን ያን ክረምት ባሕሩ ወሰደ፤
ስሙ ግን በወረቀት ስድስት ዓመት ሄደ፣
እርጥብ ቦቲ ጫማው በር ላይ እንደቆየ፤
ማንም ደፍሮ አላነሣው፣ ሁሉም እያየ።

ቀጥሎ ጀልባዋ ለኬንድሪክ ሆነች፤
ኬንድሪክ ነዳጅ ሊቆፍር አልበርታ ሲሄድ፣ ተሸጠች።
ወረቀቱ ግና በቃሉ እንደጸና
የሌለችን ጀልባ ሲያወርስ ከረመና፣
አንድ ኅዳር በቀስታ «ሰርዢው» አለኝ፤
መስመሩን ስስብበት ጀርባውን ሰጠኝ።

ሌላ ዓመት የልጅ ልጅ ገባ፣ ጥርስ ሳያወጣ፤
ሌላ ዓመት ውሻው ተጻፈ፤ ሌላ ዓመት ውሻው ወጣ።
አስፈጻሚ ያደረገው ሰው ማስታወስ ሲያቅተው፣
ፀጉር አስተካካዩ ተተካ፣ ቁጥብ አፍ ያለው።

ቨርና ስትሞት ግን መጣ፣ ኅዳር ሳይደርስ፤
በሰኔ፣ በቀብር ኮቱ። «ቤቱ ለ...» አለና ሳይጨርስ፣
ሁለታችንም ተቀመጥን።
ያን ቀን ምንም አልጻፍኩም።

«በየዓመቱ ምነው?» ብዬ ብጠይቀው፣
«ያን የሎርን ኮንራድን ጉድ ማነው የማያውቀው!
ቢውላ አሥራ አንድ ዓመት አጥባ፣ አገላብጣ፣
በማንኪያ አጉርሳው፣ ሌሊቱን ተቀምጣ፤
በቀብሩ ማግስት መጣች፣ ከቶሮንቶ፣ ሌላ፣
ሳይፋቱ የሄደች የጥንት ሚስቱ፣ ሼላ።
‹ለባለቤቴ› ይላል ያረጀው ወረቀት፤
ሎርን አንድ እሑድ አጣ፣ ቁጭ የሚልበት።
ቢውላ ወጣች በሻንጣ፣ ድመቱን አቅፋ፤
‹አድሳለሁ› ሲል ነበር፤ ነገ መቼ ጠፋ!
ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዳተኛ ነው ብቻ፤
ያልጻፉት ፍቅር ለማን ይሆናል መመከቻ?»

ኑዛዜ አንድ ቃል ነው፣ ግን ሁለት በር አለው፤
በአንዱ ንብረት ይወጣል፤ በአንዱ የሚወጣው ጥፋት ነው።
አንድ ኅዳር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ፦
«ስም ጨምሪ፤ ለቨርና ሳልነግራት የቀረ።
ማርሊስ ትባላለች፣ ዕድሜዋ አርባ ሁለት፤
ዐይኗ የኔ ነው አሉ፤ አልደፈርኩም ለማየት።»
ጻፍኩ። ምንም አልጠየቅኩ።
ሻይ ቀዳሁለት፤ ስኳሩን ሦስት ጨመርኩ።

ዘንድሮም መጣ። ተነበበ። ሁሉም እንደነበር።
«የሚለወጥ የለም» አለ፤ ተነሣ ከወንበር።
ደጃፉ ላይ ቆሞ፦ «ቀኑን ብቻ ጻፊ፤
ዛሬም ይህንኑ እንዳልኩ፣ ወደ መዝገቡ አሳልፊ።»

ማታ ቤቴ ገብቼ የራሴን ፈለግሁ፤
ከመብራት ደረሰኝ ሥር፣ ከአሮጌ ካርታ ጋር፣ ታጥፎ አገኘሁ።
«ያለኝን በሙሉ ለእናቴ ለኢዩኒስ» ይላል፤
እናቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗል።
የሰውን ስም ሳቃና ሃያ ሦስት ዓመት፣
የኔ ቤት ሲያድር ኖሯል ለሙት፣ በወረቀት።

እስክሪብቶ አነሣሁ፤ ስሟ ላይ ደረስኩ።
ውጭ ጀልባዎቹ ሞተር አስነሥተዋል።
መስመሩን ገና አልሳብኩ።